ለጢሜ ጊዜ የለኝም ስል ቆቦ ላይ ተያዝኩ

እስቲ ሳንደባበቅ እንነጋገር። ዛሬ ጠዋት ጢምህን በስንት ደቂቃ ተላጨህ? በሦስት? በአራት? አንድ ዓይን ሰዓት ላይ፣ አንድ ዓይን መስታወት ላይ፣ አፍ ውስጥ ደግሞ ዳቦ… ከዚያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ አንገትህን ስትነካው ደም! "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ያሉት አባቶቻችን ጢማቸውን ሲላጩ ሳይሆን አይቀርም። እህቶቼ ደግሞ "ይሄ የወንዶች ጣጣ ነው" ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ወንድም አላችሁ፣ አባትም አላችሁ። የዛሬው ወሬ መጨረሻው ወደ አባት ነው።

እኔ ለዓመታት በፕላስቲክ መላጫ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዳንዴም ውሃ ሲጠፋ በደረቁ ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንገቴ ሁልጊዜ ሽፍታ ነው። ቢሮ ስገባ "ድመት ቧጨረችህ እንዴ?" ይሉኛል። አንድ ወዳጄ በታጣፊ ምላጭ፣ ያ የድሮ ፀጉር አስተካካዮች የሚይዙት ረዥሙ ምላጭ፣ መላጨት ብትማር ይሻልሃል ሲለኝ ሳቅሁበት። "ለምሳ ጊዜ የለኝም፣ ለጢም ትለኛለህ?" አልኩት።

ከዚያ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ስልክ ተደወለ። እህቴ ናት፣ ከቆቦ።

"አባባ ምላጩን አስቀመጠው" አለችኝ።

"ማን ሞተባቸው?"

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የአዲስ አበባ አስመራን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሶበታል። ጡረታ ሲወጣ ተወልዶ ያደገባት ቆቦ ገባ። ከአስመራ የገዛት አንዲት ታጣፊ ምላጭ ነበረችው፤ ስለቷ ላይ "ዞሊንገን" የሚል ተቀርጾባታል። ዞሊንገን በስለት ሥራ ስሟ የገነነ የጀርመን ከተማ ናት። በዚያች ምላጭ አባቴ በየማለዳው ይላጫል። ጢም አሳድጎ አይቼው የማውቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እናቱ ስትሞትና እናቴ ስትሞት።

አሁን ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን አገጩን ቆረጠው፣ ደሙ አልቆም አለ። ከዚያ ወዲህ ምላጩን ሳጥን ውስጥ ከተታት። ጢሙ አደገ። በአገራችን ደግሞ ሁልጊዜ የሚላጭ ሽማግሌ ጢሙን ካሳደገ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሐዘን። እህቴ ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። "ጎረቤቱ ሁሉ 'ማን ሞተባቸው?' እያለ ይጠይቀኛል። እሱም አፍሮ ከቤት አይወጣም" አለች።

"ፀጉር ቤት ውሰጂዋ!"

"እንቢ ይላል። በሰው ምላጭ አልነካም ይላል።"

እዚህ ላይ አባቴን አትፍረዱበት። በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት አባቴ ብዙ የሾፌር ጓደኞቹን ቀብሯል። በምን እንደያዛቸው ማን ያውቃል? እሱ ግን አንድ ነገር ወሰነ፤ አንገቴን ለሌላ ሰው ምላጭ አልሰጥም አለ። የፕላስቲኩን መላጫ ሲያሳዩት ደግሞ "ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው" ብሎ ወረወረው። ምን ይደረግ? የ12 ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ።

ሹራብ ከወልድያ በታች አያስፈልግም

ከአዲስ አበባ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን፣ የጣርማ በርን ዋሻ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ማታ ደሴ አሳደረን። በማግሥቱ ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን ተሰናብተን ወልድያ ገባን። ከወልድያ በኋላ መንገዱም ሙቀቱም ሌላ ነው። ሹራቤን ወልድያ ላይ አወለቅሁ፤ ጎብዬ ላይ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁ፤ የራያዋ ሮቢት ላይ (ከሸዋዋ ጋር እንዳታምታቷት) እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቆቦ ስደርስ የቀረኝ ቆዳዬን መግፈፍ ብቻ ነበር!

ቆቦ ሜዳ ላይ ናት። በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። በምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከነሱ ማዶ አፋር ነው። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አሸዋውን ጠርጎ ሜዳው ላይ ይለቀቃል። የራያ ገበሬ ታዲያ ዝም ብሎ አያየውም፤ ጎርፉን ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ያስገባዋል። ከመሬት በታችም ውሃ አለ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃው በፓምፕ ወጥቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲለማበት በአውቶቡሱ መስኮት አየሁ። ያ ሁሉ አቧራ መሐል ድንገት አረንጓዴ ሲመጣባችሁ ዓይናችሁን ታሻላችሁ።

ሰዉ አማርኛ ይናገራል፤ ትግርኛና ኦሮምኛም ይሰማል። በገበያ ቀን ግመል የሚነዳ አፋር ይመጣል። ፀጉር ደግሞ ራያ ላይ ቁም ነገር ነው። ጎበዙ ጎፈሬውን ቅቤ አጠጥቶ፣ ሚዶ ሽጦበት፣ ሽመሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያልፍ ቆማችሁ ታያላችሁ። ሴቶቹ ነሐሴ ላይ ለሶለል ሹሩባቸውን ተሠርተው ሲወጡማ ሌላ ጉድ ነው። "ለፀጉሬ ጊዜ የለኝም" የሚል ሰው እዚያ አላገኘሁም።

አባቴ ግን ቤት ውስጥ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ምን ቀረው! ሳመኝና ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። እኔ ልጁን አፈረኝ።

የቀትሩ ትምህርት ቤት

በማግሥቱ ምላጯን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። አንድ የታወቁ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ አሉ፤ ድሮ አባቴን የሚያውቁት። "አባባ፣ እባክዎ ቤት መጥተው በራሱ ምላጭ ይላጩልኝ" አልኳቸው።

ሽማግሌው ምላጯን ተቀበሉ፣ ወደ ብርሃን አዞሯት፣ መለሱልኝ። "ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል የኔ ልጅ። ማሽን ይዤ ፀጉር እቆርጣለሁ እንጂ የሰው ጉሮሮ ላይ ስለት አላሳርፍም። ያባትህ እንደሆነ ራስህ ተማር።"

"እኔ? በ12 ቀን ፈቃድ?"

"አብሽር" አሉኝ። "ቀትር ላይ ና። ቀትር ላይ ሥራ የለም።"

እውነታቸውን ነው። ግንቦት ላይ ቆቦ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ትተኛለች። ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ የባጃጅ ሾፌሩ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል፣ ውሻው መኪና ሥር ይገባል። እኔ የአዲስ አበባው ሰው የመጀመሪያውን ቀን ስልኬን ስነካካ፣ ስነሣ፣ ስቀመጥ ዋልኩ። ሽማግሌው ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ አዩኝና ሳቁ። "ጊዜ የለኝም አልክ አሉ። ይኸው ሦስት ሰዓት ሰጠንህ፤ የምትገባበት ጠፋህ!"

ትምህርቱ በምላጭ አልተጀመረም። ግድግዳው ላይ ከተመታ ሚስማር የተንጠለጠለ ወፍራም የቆዳ ጠፍር አለ። ምላጩን እሱ ላይ መጎተት ነው፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ስትደርስ በጀርባው ላይ ታገላብጠዋለህ። በስለቱ በኩል ካገላበጥከው ጠፍሩንም ትበጣለህ፣ ስለቱንም ትገድላለህ። ሁለት ቀትር ሙሉ ይህን ብቻ አሠሩኝ። ጠፍሩን ሦስት ቦታ ጫርኩት። አልተቆጡም። "ጠፍር ይተካል፤ ጉንጭ ግን አይተካም" አሉኝ።

ሦስተኛው ቀን ፊኛ አመጡ። የልደት ፊኛ! ተነፍቶ፣ ሳሙና በብሩሽ ተለቅልቆ፣ "ላጨው" ተባልኩ። ስለቱን ትንሽ ከጫንከው ወይ ወደ ጎን ካንሸራተትከው ይፈነዳል። ስድስት ፊኛ ፈነዳብኝ፤ የሰፈሩ ልጆች ደጃፉ ላይ ተሰብስበው በያንዳንዱ ፍንዳታ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ሰባተኛውን ላጨሁት።

አራተኛው ቀን የራሴ ጉንጭ ሆነ፤ በጎረቤት ካለው የብረታ ብረት ሱቅ መስታወት ተውሰን። ጉንጭ ብቻ ነው፤ አገጭና የላይኛው ከንፈር እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ተከለከልኩ። አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ሽማግሌው ሸብ አርጥበው ለጠፉልኝ፤ እሳት ነው፣ ግን ደሙ ቆመ።

በዚያ ሁሉ መሐል አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። አንገቴ ላይ የኖረው ሽፍታ ከቆዳዬ ክፋት አይደለም። የኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። አጥብቀህ፣ ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስትላጨው ጫፉ ከቆዳ በታች ይቀርና ሲያድግ ተጠምዝዞ መልሶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ቆጥሮ ያብጥበታል። ባለ ብዙ ስለት ዘመናዊ መላጫ ፀጉሩን ስቦ ስለሚቆርጠው አንዳንዱን ሰው ያብስበታል። ባለ አንድ ስለት፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ ሲላጩ ብዙ ሰው ይቀልለዋል። ታዲያ የድሮው ምላጭ ለምን ተተወ? አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት የሚጣለውን ስስ ምላጭ የባለቤትነት መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል መላጫ አከፋፈለ። ወታደር ቸኩሎ ይላጫል። እኛም ከዚያ ወዲህ እንደ ወታደር ቸኩለን እንላጫለን፤ ጦርነቱ የት እንዳለ ግን እንጃ።

ከጆሮዬ ሥር ትተሃል

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ አባቴን ግቢው ውስጥ ካለችው ቁርቁራ ሥር በዱካ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ረዥሙን ጢም በመቀስ አሳጠርኩ። እህቴ ለብ ያለ ውሃ አመጣች። ፎጣ ነክሬ ፊቱ ላይ አቆየሁ፤ ሳሙናውን ለቀለቅሁ። ምላጯን ስከፍት እጄ ከሱ እጅ ብሶ ተንቀጠቀጠ።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። የሽማግሌ ቆዳ የላላ ነው፤ በግራ እጅ ወጠር ካላደረጉት ስለቱ ሥር ይታጠፋል። ጉንጩን ጨረስኩ። ጉሮሮው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

"ትንፋሽህን አትያዝ" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። "መሪ እንደመያዝ ነው። አንቀህ ከያዝከው ገደል ይከትሃል።"

ተነፈስኩ። ጨረስኩ። ሙሉ ሰዓት ፈጅቶብኛል። አባቴ በእጁ መዳፍ ጉንጩን ዳሰሰ፣ አገጩን ዳሰሰ፣ መስታወት ጠየቀ፤ ለረዥም ጊዜ አየ። የምስጋና ቃል እየጠበቅሁ ነው እንግዲህ።

"ከጆሮዬ ሥር ትተሃል" አለኝ።

እህቴ በሳቅ ሞተች። የተውኳትን አስተካከልኩ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ከወራት በኋላ መጀመሪያው ነው። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ "ተሻለዎት?" ሲሉት "ምን ሆኜ?" ይላል።

አዲስ አበባ ላይ ቀትር ከየት ይምጣ?

ስሰናበት ሽማግሌውን "አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ጊዜ የለም" አልኳቸው። "በስልክህ የምትጫወትበት ጊዜ አለ አይደል? ከሱ ላይ ቆንጥር" አሉኝ። ቆነጠርኩ። እናንተም ከፈለጋችሁ እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ በሥራ ቀን ማለዳ አትጀምሩ። ሰዓት እያዩ ስለት መያዝ ከሞኝነትም በላይ ነው። እኔ የያዝኩት እሑድ ጠዋት ነው። ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ ውሃዬን አሞቃለሁ፣ አቦል ሲቀዳ ሳሙና እለቀልቃለሁ፣ በረካ ሲደርስ ጨርሻለሁ። ቡናው ሰዓቴ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጠፍሩን ማታ ማታ ተለማመዱ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከመላጨት በፊት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማመላለስ ነው። ድንጋይ ላይ መሳል የሚያስፈልገው በየጥቂት ወሩ ስለሆነ እሱን ለሚያውቅበት ስጡ።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን ወር ጉንጭ ብቻ ላጩ። የቀረውን በለመዳችሁት መላጫ ጨርሱ። ማንም አያይባችሁም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ፊታችሁን በሙቅ ውሃ አርሱ፣ አረፋው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ስለቱን ከቆዳው ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት። አጭር አጭር አድርጋችሁ፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ፣ ሳትጫኑ ሂዱ። ወደ ጎን በጭራሽ! ሲወድቅም ልያዘው አትበሉ፤ ይውደቅ።

አምስተኛ፣ ምላጭ አይዋዋሱም። ለወንድምም፣ ለጓደኛም፣ ለባልም ቢሆን። ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም፤ የጉበት በሽታ የሚያመጡት ሄፓታይተስ ቢና ሲም በደም ይተላለፋሉ። ፀጉር ቤት ስትሄዱም አዲስ ምላጭ ፊታችሁ ሲከፈት እዩ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። የምታሳምሩት ሽማግሌ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ስለቱን ትታችሁ በማሽን አሳጥሩላቸው።

ስድስተኛ፣ ከተጠቀማችሁ በኋላ አድርቃችሁ ዘይት ንኩት፤ አለዚያ ይዝጋል። ቁስላችሁ ጠባሳው የሚያብጥ ዓይነት ሰዎች፣ ወይም ሽፍታው አልለቅ ያላችሁ፣ የቆዳ ሐኪም ሳታዩ አትሞክሩት። ጢም ማሳደግም መልክ ነው እኮ!

እኔ አሁን ስላጭ 20 ደቂቃ ይፈጅብኛል። አንገቴ ድኗል። ድመቷም ተረሳች።

ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንገቴ ብዬ አይደለም። ከዚያ ግንቦት በፊት ቆቦን ካየኋት ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ "ጊዜ የለኝም" እያልኩ። ከዚያ በኋላ ግን አባቴ በየጊዜው ያስደውላል፤ "ጢሜ አድጓል" ብቻ ብሎ ይዘጋዋል። ለሶለል ሄድኩ፣ ለመስቀል ሄድኩ፣ ለገና ሄድኩ። በጥር 2012 ዓ.ም. ዐረፈ። በጠቅላላው አራት ጊዜ ላጭቼዋለሁ። ከአራተኛው በኋላ ከጆሮው ሥር ዳሰሰና ምንም አላለም።

ለሐዘኑ እኔም ጢሜን አሳደግሁ። ምላጯ አሁን እኔ ዘንድ ናት።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። ከተማዋ ብዙ ሰው ቀበረች። ስልኩ ለወራት ዝም አለ፤ የእህቴንም የሽማግሌውንም ድምፅ ሳልሰማ ከረምኩ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ተመልሶ መጣባት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል መንገድ እንደ ልብ አልሆነም፤ ቆቦን ማየት የሚፈልግ ሰው ስለ መንገዱ ጠይቆ፣ አረጋግጦ መነሣት አለበት።

በ2014 ዓ.ም. መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ እህቴን አገኘኋት፤ ደህና ናት። ቀጥሎ ወደ ፀጉር ቤቱ ደወልኩ። ረዥም ጊዜ ጠራ። ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። ስለ ሱቁ፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ሰዉ ልጠይቃቸው ስንተባተብ አላስጨረሱኝም።

"አብሽር፣ አለን። መስታወቱ ብቻ ነው የተሰበረው" አሉ። "አንተ ግን ጠፍሩን ትጎትታለህ ወይስ ተውከው?"

"እጎትታለሁ አባባ።"

"እሑድ እሑድ?"

"እሑድ እሑድ።"

"ይበጅ" አሉኝ።